ዝናብን የሚያንከባልለው ጃኬት ስንት እጥበት ይችላል?

በጆሃንስበርግ መሃል ከተማ፣ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ራሂማ ሙሳ፣ በሰው አፍ ግን ዛሬም ጄፒ በሚባለው መንገድ ዙሪያ የኢትዮጵያውያን ሱቆች ፎቅ በፎቅ ተደርድረዋል። ድሮ የሐኪሞች ክፍሎች የነበሩበት ሜዲካል አርትስ ሕንፃ ሳይቀር ወደ ትናንሽ ሱቆች ተሸንሽኗል። ከዚህ የሚጫነው ጃኬት፣ መጋረጃ፣ ብርድ ልብስና ዩኒፎርም በየሎኬሽኑ፣ ማለትም በከተማ ዳር ባሉት የጥቁሮች መኖሪያ ሰፈሮች፣ ተቸርችሮ አያበቃም፤ ዚምባብዌ፣ ዛምቢያና ሞዛምቢክ ድረስ ይሄዳል። ዕቃው በብዛት ከቻይና የሚመጣ፣ ጨርቁም በብዛት ፖሊስተር ነው። የዝናብ ጃኬት ሲሆን ደግሞ የሚንጠለጠልበት ካርድ ውሃ እንደማይነካው ይናገራል። እስከ ስንት እጥበት የሚለውን ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ አይጽፍም፤ ቢጽፍም ልብሱ በምን ታጥቦ፣ እንዴት ደርቆ እንደ ተቆጠረ አይነግርም።

ጥያቄው ዛሬ ከወትሮው ከብዷል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ጨርቅን ውሃ እንዲመልስ ያደረገው የፍሎሪን ኬሚስትሪ ከትልልቆቹ ገበያዎች በሕግ እየተባረረ ነው። በምትኩ ከሚቀርቡት መልሶች አንዱ የፕላዝማ ልባስ ነው፤ ውሃ አይፈልግም፣ ኬሚካሉ ጥቂት ነው፣ ከቃጫው ጋር ይተሳሰራል ይባልለታል። ሦስቱም እውነትነት አላቸው። ይሁን እንጂ «ፕላዝማ የተደረገለት» የሚለው ሐረግ ብቻውን ስለ ልባሱ ዕድሜ የሚናገረው ነገር የለም። ዕድሜውን የሚወስኑት ፕላዝማው ምን እንዳስቀመጠ፣ በምን ያህል ኃይል እንዳስቀመጠውና ልብሱ በኋላ የሚገጥመው አስተጣጠብ ናቸው። የጄፒ ነጋዴ፣ የሐዋሳ ስፌት ፋብሪካና ዝናብ የሚመታው ሸማች የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው።

እገዳው የደረሰበት

ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የመጀመሪያው ትውልድ ልባስ «ሲ8» ይባል ነበር፤ ስምንት ካርቦን ያለው፣ በፍሎሪን የተሸፈነ ሰንሰለት ስለያዘ ነው። እያደር ሲፈርስ ፒኤፍኦኤ የሚባል አሲድ ይወጣዋል፤ ይህ አሲድ በተፈጥሮ ስለማይበሰብስ በደምና በከርሰ ምድር ውሃ ይጠራቀማል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2006 ከስምንት ታላላቅ አምራቾች ጋር ምርቱን እስከ 2015 ለማቆም ተስማማ፤ በ2019 ደግሞ ፒኤፍኦኤ በስቶክሆልም ስምምነት ከሚወገዱት ኬሚካሎች ዝርዝር ገባ። ኢንዱስትሪው ስድስት ካርቦን ወዳለው «ሲ6» ተሻገረ። አሁን ደግሞ ተራው የሲ6 ነው። ካሊፎርኒያ ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ በልብስ ላይ የሚገኘው ጠቅላላ ኦርጋኒክ ፍሎሪን በሚሊዮን ከ100 እንዳይበልጥ አግዳለች፤ በ2027 ጣሪያው ወደ 50 ይወርዳል። ለከባድ ዝናብ የሚሠሩ ልብሶች ብቻ እስከ 2028 ጊዜ ተሰጥቷቸዋል፤ እነሱም ኬሚካሉ እንዳለባቸው በግልጽ መጻፍ አለባቸው። ፈረንሳይ በልብስና በጫማ ላይ የጣለችው እገዳ በ2026 መጀመሪያ ጸንቷል። የአውሮፓ ኅብረት ሲ6 ሲፈርስ የሚወጣውን አሲድ ለሕዝብ በሚሸጥ ልብስ ላይ ከኦክቶበር 10 ቀን 2026 ጀምሮ ይከለክላል፤ የፈቀደው ጣሪያ በቢሊዮን 25 ብቻ ነው።

የፕላዝማ ቴክኖሎጂ አቅራቢዎች ለረጅም ጊዜ «እኛ የምንጠቀመው እጅግ ጥቂት ነው» ሲሉ ቆይተዋል። በኬሚካል ገንዳ ውስጥ ከሚነከረው ጋር ሲነጻጸር ልክ ናቸው። በአዲሶቹ ጣሪያዎች ፊት ግን «ጥቂት» የሚለው ቃል አያድንም፤ ሒሳቡን ለመሥራት ላብራቶሪ አያስፈልግም። 15 ማይክሮሜትር ውፍረት ባለው የፖሊስተር ቃጫ ዙሪያ 50 ናኖሜትር ልባስ ቢለብስ፣ የልባሱ ይዘት ከቃጫው 1.3 በመቶ ገደማ ነው። ከልባሱ ክብደት ግማሹ ፍሎሪን ነው እንበል፤ እንዲህ ያለ ልባስ ከፖሊስተር ስለሚከብድ ጨርቁ ላይ በሚሊዮን ወደ 8,000 የሚጠጋ ፍሎሪን ይኖራል። ልባሱ የደረሰው ከቃጫው ገጽ አንድ አሥረኛው ላይ ብቻ ነው ብለን ብንቀንሰው እንኳ 800 ይቀራል፤ ከካሊፎርኒያ ጣሪያ ስምንት እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ ፍሎሪን የሚያስቀምጥ ፕላዝማ፣ የቱንም ያህል ስስ ቢሆን፣ ከእነዚህ ገበያዎች ወጥቷል። ከዚህ በኋላ ስለ ፕላዝማ ዘላቂነት የምናወራው ፍሎሪን ስለሌለበት ዘር ነው፤ ነገሩ የሚከብደውም በዚህ ነው።

ከፍሎሪን የሚቀረው ምንድን ነው

ጠብታ በጨርቅ ላይ የሚንከባለለው የውሃው ሞለኪውሎች እርስ በርስ የሚሳሳቡበት ኃይል ገጹ ከሚስባቸው ኃይል ሲበልጥ ነው። የውሃ የገጽ ውጥረት በሜትር 72 ሚሊኒውተን ገደማ ነው። ያልታከመ ፖሊስተር ወደ 43 ይጠጋል፤ ለዚህ ነው ተራ የፖሊስተር ሸሚዝ ጥቂት ቆይቶ የሚርሰው። ሰም 30 አካባቢ፣ ሲሊኮን 22 አካባቢ ነው፤ ጫፋቸው በሥርዓት የተደረደሩ የፍሎሪን ሰንሰለቶች ግን እስከ 6 ይወርዳሉ። ውሃን ለመመለስ ሲሊኮንም ሰምም ይበቃሉ። ዘይት ሲመጣ ነው ልዩነቱ የሚታየው፤ የምግብ ዘይት፣ የፀጉር ቅባትና የአንገት ወዝ የገጽ ውጥረታቸው ከ20 እስከ 35 ስለሆነ ሲሊኮንና ሰም ላይ በቀላሉ ይዘረጋሉ። ዘይት የተዘረጋበት ቦታ ደግሞ በቀጣዩ ዝናብ ውሃ ይጠጣል። ፍሎሪን የሌለው ጃኬት ከአንገቱና ከእጅጌው ጫፍ ቀድሞ መራሱ ከዚህ የመጣ ነው።

ሁለተኛው አካል ሽመናው ነው። ካሲና ባክስተር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በእንግሊዟ ሊድስ የሱፍ ኢንዱስትሪ ምርምር ማኅበር ውስጥ ሲሠሩ በ1944 እንዳሳዩት፣ ጠብታ በጨርቅ ላይ የሚቀመጠው ከፊሉ በቃጫ፣ ከፊሉ በቃጫዎቹ መካከል በታሰረ አየር ላይ ነው። መጠነኛ ውሃ የመመለስ ችሎታ ያለው ኬሚካል በጥሩ ሽመና ላይ ብዙ እጥፍ የሚያድገው በዚህ አየር ምክንያት ነው። ቃጫው ሲላጭ፣ ሲንጨባረርና ሲተኛ ግን ኬሚካሉ ሳይነካ እንኳ አየሩ ያመልጣል። አዲሱን ጃኬት ከአሮጌ ልባሽ ጋር አስተያይቶ «የድሮው ይሻል ነበር» የሚል ሰው ናፍቆት ብቻ አላናገረውም፤ አሮጌው ሲ8 ሊሆን ይችላል።

ፕላዝማው የሚሠራው ሁለት የተለያየ ሥራ

በጨርቅ ሥራ ውስጥ ፕላዝማ ማለት በኤሌክትሪክ የተነቃቃ ጋዝ ነው። ኤሌክትሮኖቹ እጅግ ግለው ጋዙ ራሱ ግን ቀዝቃዛ ሆኖ ስለሚቆይ ፖሊስተሩ አይቀልጥም። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው በዚሁ መሣሪያ ፍጹም ተቃራኒ የሆኑ ሁለት ሥራዎች ስለሚሠሩና ሁለቱም በሽያጭ ወረቀት ላይ አንድ ስም ስለሚይዙ ነው።

አንደኛው ማንቃት ነው። ኦክስጅን ወይም አየር ፕላዝማ ሆኖ የፖሊስተሩን ገጽ ሲመታው ሰንሰለቶቹን ይሰብርና ውሃ ወዳድ ቡድኖችን ይተክላል። ጨርቁ ለጊዜው ከበፊቱ የበለጠ ውሃ ይጠጣል ማለት ነው። ዓላማው ቀጥሎ የሚመጣው ተራ ልባስ እንዲጣበቅ መንገድ መጥረግ ነው። ይህ ንቃት አይቆይም፤ የፖሊመሩ ሰንሰለቶች እየዞሩ አዲሶቹን ቡድኖች ወደ ውስጥ ይቀብራሉ፣ የተሰበሩት ቁርጥራጮችም ይጠፋሉ። ጨርቁ ከመሣሪያው ወጥቶ መጋዘን ውስጥ ሰንብቶ ከተለበሰ የተከፈለበት ጥቅም ተንኖ ሊሆን ይችላል። በዚህ መንገድ የተሠራ ጃኬት ዘላቂነቱ የሚለካው በላዩ በተቀባው ሰም ወይም ሲሊኮን ነው፤ ፕላዝማው የጨመረው ቢኖር መያዣ ነው።

ሁለተኛው ማስቀመጥ ነው። እንፋሎት የሆነ ኬሚካል ወደ ፕላዝማው ይገባና በቃጫው ላይ በአሥር ናኖሜትሮች የሚቆጠር ፊልም ሆኖ ያድጋል። በጣም የታወቀው ምሳሌ ከእንግሊዝ የመጣ ነው። በደርሃም ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጃስ ፓል ባድያልና ባልደረቦቻቸው ያዳበሩት ዘዴ ለወታደር መከላከያ ልብስ ታስቦ በፖርተን ዳውን ከሚገኘው የመከላከያ ምርምር ተቋም ጋር ተሠርቶ፣ በ2004 ፒ2አይ የሚባል ኩባንያ ሆኖ ወጣ። ብልሃቱ ኃይሉን በመቆራረጥ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ለማይክሮሰከንዶች በርቶ ለሚሊሰከንዶች ይጠፋል። በበራበት ቅጽበት ገጹ ይነቃል፤ በጠፋበት ረዘም ያለ ጊዜ ደግሞ ሞለኪውሎቹ ሳይሰባበሩ ይያያዛሉ፣ ውሃ የሚመልሰው ጅራታቸውም ተርፎ ይወጣል።

የዘላቂነት ክርክር ሁሉ ያረፈው በዚህ ሚዛን ላይ ነው። ኃይሉ ሲለዝብ ጅራቶቹ ይተርፋሉ፤ ውሃው በደንብ ይንከባለላል። ነገር ግን ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ የተጠላለፉበት ቦታ ጥቂት ስለሚሆን ሳሙናና ግጭት ፊልሙን ቀስ በቀስ ያጥቡታል። ኃይሉ ሲጠነክር ፊልሙ ጥብቅና ጠንካራ ይሆናል፤ ጅራቶቹ ግን ተሰባብረው ውሃ የመመለሱ ኃይል ይወርዳል። ፍሎሪን በሌለው የሲሊኮን ፕላዝማም ያው ሚዛን በሌላ መልክ ይመጣል። ኦክስጅን ሳይቀላቀል የተሠራው ፊልም ተለጣጭና ውሃ መላሽ ነው፤ ኦክስጅን ሲበዛበት ወደ መስታወትነት ያደላል፣ ይጠነክራል፣ ውሃ ይወዳል፣ ቃጫው ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። ጃኬት ደግሞ በቀን ሺህ ጊዜ የሚታጠፍ ዕቃ ነው። ሁለቱን ጫፎች አስታርቄያለሁ የሚል ሻጭ ካለ የእጥበት ውጤቱን ማሳየት የሱ ፈንታ ነው።

ከፊልሙ በታች ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። የፖሊስተር ቃጫ ከፋብሪካ ሲወጣ የመፍተያ ዘይት ይቀባል፤ በከፍተኛ ሙቀት ሲቀለምም አጫጭር ቀለበታዊ ሞለኪውሎች ከውስጥ ወደ ገጹ ይወጣሉ። ጨርቁ በሚገባ ሳይታጠብ ፕላዝማ ከገባ ፊልሙ በአቧራ ላይ የተቀባ ቀለም ይሆናል፤ ትስስሩ የቱንም ያህል ቢጠነክር የተያያዘው ከቆሻሻው ጋር ነው። «ከቃጫው ጋር በኬሚካል የተሳሰረ» የሚለው መግለጫ ትክክል ሊሆን የሚችለው ቃጫው ራሱ ሲገኝ ብቻ ነው። ርካሽ ጨርቅ ላይ ውድ ፕላዝማ ማድረግ የማያዋጣበት ዋና ምክንያት ይኸው ይመስለኛል፤ የዘላቂነቱ ግማሽ ከመሣሪያው በፊት ባለው የጽዳት ክፍል ተወስኖ አልቋል።

እጥበት የሚያበላሸው፣ እጥበት የሚደብቀው

አንድ ጃኬት ከታጠበ በኋላ ውሃ መጠጣት ሲጀምር ሰው «ልባሱ ለቀቀ» ይላል። በእርግጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

ፊልሙ በእውነት ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚጀምረው የቦርሳ ማንገቻ ከሚያሸው ትከሻ፣ ከእጅጌ ጫፍና ከኪስ አፍ ነው። 50 ናኖሜትር ውፍረት የቃጫው ዲያሜትር አንድ ሦስት መቶኛ ነው፤ ግጭቱ ቃጫውን እንኳ ሳይጎዳ ፊልሙን ሊጨርሰው ይችላል። ይህ ጉዳት አይመለስም።

ሁለተኛው የሳሙና ቅሪት ነው። የዱቄት ሳሙና ሞለኪውል አንዱ ጫፉ ውሃ፣ ሌላው ጫፉ ቅባት ይወዳል። ቅባት ወዳዱ ጫፍ ልባሱ ላይ ይተኛና ውሃ ወዳዱን ወደ ውጭ ያዞራል። ልባሱ ሳይነካ ጨርቁ ውሃ ይጠጣል። ጥሩ ማለቅለቅ ይመልሰዋል፤ የጨርቅ ማለስለሻ ግን ያባብሰዋል። በባልዲ የሚያጥብና ውሃ በጀሪካን የሚቀዳ ቤት ውስጥ ደጋግሞ ማለቅለቅ ቅንጦት ነው፤ ስለዚህ በአዲስ አበባም ሆነ በሶዌቶ «የለቀቀው» ልባስ ሁሉ የለቀቀ አይደለም።

ሦስተኛው የሰንሰለቶች መዞር ነው። ውሃ መላሹ ጅራት ለረጅም ጊዜ በውሃ ሲከበብ ከገጹ ሸሽቶ ወደ ውስጥ ይተኛል። ሙቀት ሲያገኝ ይላላና ወደ አየር ይመለሳል። የስፖርት ልብስ ኩባንያዎች «በዝቅተኛ ሙቀት በማድረቂያ ማሽን አድርቁት፣ ወይም በስሱ ተኩሱት» የሚሉት ለዚህ ነው። ጆሃንስበርግና አዲስ አበባ ልብሳቸውን በአብዛኛው በገመድ ላይ፣ በፀሐይ ያደርቃሉ። የገመድ ፀሐይ ልብሱን ያደርቃል እንጂ የማድረቂያ ማሽንን ሙቀት አይሰጠውም። አውሮፓ ውስጥ በማሽን እየደረቀ «20 እጥበት ቻለ» የተባለ ጃኬት እዚህ ያን ያህል ባይቆይ አምራቹ ዋሽቷል ማለት አይቻልም። የተለካው ሌላ ሕይወት ነው።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል

በብዛት የሚሠራበት ፈተና አይኤስኦ 4920 ነው፤ የአሜሪካው አቻ ኤኤቲሲሲ 22 ይባላል። ጨርቁ በቀለበት ይወጠርና በ45 ዲግሪ ይጋደማል፤ ከ150 ሚሊሜትር ከፍታ 250 ሚሊሊትር ውሃ ይረጭበታል፤ ከዚያ በዓይን ታይቶ ነጥብ ይሰጠዋል። 100 ማለት ምንም አልረጠበም፣ 90 ማለት አልፎ አልፎ ተጣበቀበት፣ 80 ማለት የተረጨባቸው ነጥቦች ረጥበዋል፣ 50 ማለት የላይኛው ገጽ በሙሉ ራሰ። ቀላል፣ ርካሽና ጠቃሚ ፈተና ነው። ግን ከግማሽ ሊትር ጠርሙስ ግማሹን ያህል ውሃ ከአንድ ስንዝር ባነሰ ከፍታ ማፍሰስ የጆሃንስበርግን የበጋ ነጎድጓድ አይመስልም። በ1,750 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ከተማ ዝናቧን የምታገኘው ከኦክቶበር እስከ ማርች ድረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ በጠንካራ ጠብታና አንዳንዴም በበረዶ ነው። ለዚያ የሚቀርበው ጨርቁን እያሹ ከላይ ዝናብ የሚያዘንቡበት የቡንደስማን ፈተና ነው፤ ዋጋው ስለሚበልጥ በርካሽ ዕቃ ላይ ሲጠቀስ እምብዛም አይታይም።

እዚህ ላይ የሁለት ነገሮች መምታታትም አለ። ውሃ መመለስ የገጽ ጉዳይ ነው። ውሃ አለማስገባት ደግሞ ከጨርቁ ጀርባ ያለ ንጣፍና የተሸፈነ ስፌት ሥራ ነው፤ የሚለካውም በሌላ ፈተና፣ በውሃ ግፊት ነው። ፕላዝማ የመጀመሪያውን ብቻ ይሠራል። ገጹ እየራሰ ውስጡ ደረቅ የሆነ ጃኬት አለ፤ ገጹ ውሃውን እያንከባለለ በስፌቱ የሚያስገባም አለ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው የእጥበቱ ዝርዝር ነው። አይኤስኦ 6330 የሚባለው መደበኛ አስተጣጠብ ስድስት የማድረቂያ መንገዶች አሉት፤ ከገመድ ላይ መስቀል እስከ ማሽን ማድረቅ። ውጤቱን የሚሰጠው ላብራቶሪ የትኛውን እንደ ተጠቀመ በሪፖርቱ ይጽፋል። ሪፖርቱ ወደ ካርድ ሲቀየር ግን የምትቀረው አንዲት ቁጥር ናት። ያቺ ቁጥር ከማድረቂያ ማሽን ጋር የተገኘች ከሆነ ለሱቁ ደንበኛ ትርጉሟ ትንሽ ነው።

ገበያው አስቀድሞ የሰጠው ፍርድ

ፕላዝማ በጨርቅ ዓለም ያልተስፋፋበት ምክንያት ኬሚስትሪ ብቻ አይደለም። የተለመደው ዘዴ ጨርቁን በኬሚካል ነክሮ፣ ጨምቆ፣ በረጅም ምድጃ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ፍጥነቱ በደቂቃ በአሥር ሜትሮች ይቆጠራል፤ ምድጃው ደግሞ ፋብሪካው ውስጥ ቀድሞ ያለ ነው። የቫኪዩም ፕላዝማ ጥቅሉን በብረት ክፍል ውስጥ ዘግቶ አየሩን መምጠጥ ይኖርበታል። ፖሊስተር ከክብደቱ 0.4 በመቶ ገደማ ብቻ እርጥበት ስለሚይዝ እስከ 8 በመቶ ከሚይዘው ጥጥ ይልቅ ለዚህ ይመቻል፤ ያም ሆኖ ጊዜ ይወስዳል። በተራ አየር ግፊት የሚሠራው ፕላዝማ ፈጣን ነው፤ ችግሩ የሚያገኘው በብዛት የላይኛውን ገጽ መሆኑ ነው፤ በክሩ ውስጥ የተደበቁት ቃጫዎች ሳይነኩ ይቀራሉ፣ ግጭት ሲመጣ ብቅ የሚሉትም እነሱ ናቸው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ደግሞ ቫኪዩሙም ጥቅሉም አብረው ይበላሻሉ። ደቡብ አፍሪካ በ2023 ከ300 በሚበልጡ ቀናት መብራት በፈረቃ ያጣች አገር ናት፤ ከ2024 ወዲህ ሁኔታው በጣም ቢሻሻልም በዚያ ትዝታ ላይ የቫኪዩም ፋብሪካ ለመገንባት የሚደፍር ባለሀብት ማግኘት ቀላል አይሆንም።

የፒ2አይ ታሪክ ፍርዱን ያሳያል። ኩባንያው በጫማና በልብስ ስሙን ቢያስጠራም ትልቁን ሥራ ያገኘው በጆሮ መስሚያ መሣሪያና በሞባይል ስልክ ነው። ስልክ በዱቄት ሳሙና አይታጠብም፣ በገመድ አይሰቀልም፣ ትከሻ ላይ ቦርሳ አይታሽበትም። ስስ ፊልም የሚበረታው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ጫማ፣ ድንኳን፣ የአየር ማጣሪያ፣ የመኪና መቀመጫ፣ አንድ ጊዜ ተለብሶ የሚጣል የሐኪም ልብስ፤ ሁሉም እጥበት የማያውቃቸው ወይም እምብዛም የማያገኛቸው ናቸው። በነዚህ ላይ ፍሎሪን የሌለው ፕላዝማ የወደፊት ዕድል እንዳለው አልጠራጠርም። በየሳምንቱ በሚታጠብ የትምህርት ቤት ጃኬት ላይ ግን ብዙ አልጠብቅም።

የጋውቴንግ ማዕድንና የሐዋሳ ስፌት

ጆሃንስበርግ በዚህ ክርክር ውስጥ ሸማች ብቻ አይደለችም። ደቡብ አፍሪካ በዓለም ላይ ትልቅ የፍሎርስፓር ክምችት ካላቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ከፕሪቶሪያ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለው የቨርኸኑህ ማዕድን ታዋቂ ነው። ከፕሪቶሪያ በስተ ምዕራብ በፔሊንዳባ የአቶሚክ ኃይል ድርጅቱ ኔክሳ ፔልኬም በሚባለው ክንፉ የፍሎሪን ኬሚካሎች ያመርታል፤ በፕላዝማ ፍሎሪን የማቀነባበር ምርምርም እዚያው ተሠርቷል። መንግሥት ማዕድኑን ጥሬውን ከመላክ ወደ ኬሚካል መቀየር ለዓመታት ሲመኘው የኖረ ነገር ነው። የልብስ ገበያው በር መዘጋቱ ከዚያ ሕልም አንዱን ክፍል ይቆርጣል፤ ባትሪና የኤሌክትሮኒክስ ጋዞች ይቀሩታል። በተቃራኒው ዋና መሥሪያ ቤቱ ሳንድተን የሆነው ሳሶል በሳሶልበርግ ከጋዝ ሰም ይሠራል። ፍሎሪን በሌለው ልባስ ውስጥ ሰም ዋና ንጥረ ነገር ስለሆነ በዚያው አካባቢ የአንዱ ማጣት ለሌላው ገበያ ሊሆን ይችላል።

ሐዋሳ ሌላ ጉዳይ ነው። በ2016 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን ወደ ውጭ እንዳይለቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። መሪ ኩባንያው ፒቪኤች በኖቬምበር 2021 መውጣቱን አስታወቀ፤ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ለመላክ ከሚያስችለው ከአጎዋ ተሰረዘች። ከቀሩት ገዢዎች መካከል አውሮፓውያን ክብደታቸው ጨምሯል፤ ስለዚህ የኦክቶበር 2026ቱ ሕግ ለሐዋሳ የሩቅ ወሬ አይሆንም። ስፌት ፋብሪካዎቹ ጨርቁን በአብዛኛው ተጠናቆ ከእስያ ስለሚቀበሉ የልባሱን ዓይነት የሚመርጠው የውጭው ገዢ ነው። የማጠናቀቂያ ሥራው ወደ አገር ውስጥ ይግባ የሚባል ከሆነ ግን መታሰብ ያለበት አለ፤ ፍሳሽ የማይለቅ ጣቢያ ፍሎሪኑን አያጠፋም። ውሃው ተጣርቶ ሲመለስ ኬሚካሉ በጨዉና በዝቃጩ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ዝቃጩ የት እንደሚወድቅ ደግሞ ለሐይቋ ከተማ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ፕላዝማ እዚህ ላይ በእውነት የተሻለ ነው፤ ዝቃጭ የለውም።

ከዚህ ወዲህ የሚጠበቀው

በቅርብ ዓመታት ውስጥ ሊሆን የሚችለው ብዙ አይደለም። ለኔ ቅርብ የሚመስለው፣ ሕግ ያለበት ገበያ ወደ ሰምና ሲሊኮን ነክሮ የመጨመቅ ዘዴ ጠቅልሎ መግባቱ ነው፤ ፕላዝማ እዚያ ውስጥ የሚኖረው የማንቃት ረዳት ሆኖ ነው፣ ያውም ዋጋው በሚችለው ውድ ልብስ ላይ። የሲሊኮን ፕላዝማ ፊልም በገመድ እየደረቀ፣ የግጭት ፈተናም ተጨምሮበት፣ ከ20 እጥበት በኋላ 80 ነጥብ የሚይዝ ከሆነና የመሣሪያው ፍጥነት ወደ ምድጃው ከተጠጋ ይህን ግምት መለወጥ ይገባል።

ሌላው የሚያሳስበኝ የዕቃ መዞር ነው። የእስያ ፋብሪካዎች የሲ6 ክምችትም ልምድም አላቸው፤ ካሊፎርኒያና ፓሪስ የማይቀበሉት ጨርቅ ወዴት ይሄዳል? የስቶክሆልም ስምምነት ደቡብ አፍሪካንም ኢትዮጵያንም ያስራል፤ ግን ሲ6 ሲፈርስ የሚወጣው አሲድ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ዋጋው ወርዶ የሚቀርብ፣ ውሃን በጣም ደህና አድርጎ የሚያንከባልል ጃኬት ጄፒ ላይ ቢበዛ ለሸማቹ ዛሬ ጥሩ ዜና ይመስላል። ኬሚካሉ ግን ከእጥበት ውሃው ጋር ወደ ጁክስኪ ወንዝ ይሄዳል፤ አዲስ አበባ ከደረሰም ወደ አቃቂ። ረጅም ዕድሜ ያለው ልባስ ማለት ረጅም ዕድሜ ያለው ብክለት የሚሆንበት ሁኔታ ይህ ነው፤ ዘላቂነትን ብቻውን እንደ በጎ ነገር የሚቆጥር ግምገማ ሁሉ ይህን ይስታል።

ለነጋዴው የቀረበው አደጋ የሕግ ነው። የደቡብ አፍሪካ የ2008 የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ዕቃው ለታሰበለት ሥራ እንዲበቃ ያዛል፤ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ሸማቹ በስድስት ወር ውስጥ መልሶ ገንዘቡን፣ ጥገና ወይም ቅያሪ መጠየቅ ይችላል። ኃላፊነቱ ቸርቻሪውን ብቻ አይመለከትም፤ አስመጪውና አከፋፋዩም እያንዳንዳቸው ዋስ ናቸው። በአራተኛው እጥበት የራሰ «ውሃ የማያስገባ» ጃኬት በዚህ ሕግ ፊት ጉድለት ያለበት ዕቃ ሊባል ይችላል። በተግባር የሎኬሽን ደንበኛ ወደ ሸማቾች ኮሚሽን አይሄድም፤ ዕዳውን መክፈል ያቆማል። ዕቃ በዱቤ የሚሰጥ ቸርቻሪ ይህን ኪሳራ በደንብ ያውቀዋል።

ልብስ ሲገባ 45 በመቶ ቀረጥና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በሚከፈልበት አገር ለእያንዳንዱ ጭነት የላብራቶሪ ፈተና ማሠራት ለትንሽ አስመጪ ይከብዳል። የርጭት ፈተናው ግን ቀለበት፣ ፈነልና ሩብ ሊትር ውሃ ነው። ናሙናውን በሚሸጥበት ሰፈር ሳሙና አምስት ጊዜ አጥቦ፣ በገመድ አድርቆ፣ ትከሻውን በሌላ ጨርቅ አሽቶ ውሃ ማፍሰስ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ከአቅራቢው መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎችም ጥቂት ናቸው፤ ፕላዝማው ያነቃ ነው ወይስ ያስቀመጠ፣ ፍሎሪን አለበት ወይስ የለበትም፣ የእጥበት ቁጥሩ የተገኘው በየትኛው የማድረቂያ መንገድ ነው። የመጨረሻውን የሚመልስ አቅራቢ ሪፖርቱ እጁ ላይ አለ፤ የማይመልሰው ደግሞ ዋጋው ላይ ለመደራደር ምክንያት ሰጥቷል።